የራስጌው ግድግዳ

በዚያ ክረምት ዝናቡ አላባራ ብሎ ጫማውም ልብሱም ሻገተ። ቀለም ቀቢው የደም ካንሰር ይዞት፣ መድኃኒቱም አቅሙን አሟጦት ተኝቷል። ሐኪሙ ጠያቂ ከለከለ፤ ሰውነቱ መመከት ስለማይችል ሻጋታ እንኳ ይገድለዋል አለ። ሚስቱ ሌላ ክፍል ለብቻዋ እያደረች፣ ጠዋት ጠዋት አፏን ሸፍና የራስጌውን ግድግዳ በበረኪና ትፈትጋለች፤ ጥቁሩ ነጠብጣብ ግን ተመልሶ ይወጣል።

«የሰውን ቤት ስታሳምር የእኛው በሰበሰ» አለችው አንድ ቀን። «እቀባልሻለሁ እንዳልክ አረጀን።»

«ዕዳ አለብኝ፣ እቴ። መቼ ካድኩ?»

በማግስቱ ስትገባ ግድግዳው እንደ ወተት ነጥቷል። ቀለም ግን አይሸትም። ጫማው ላይም ሻጋታ የለም።

ባሏ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ምላሱና ላንቃው በጥቁር ነጠብጣብ ተሸፍኗል።

«በይ እንግዲህ፣ ዕዳዬን ከፈልኩ» አላት።