የስመኝ ምስክርነት

በዚያ ዓመት በኮሎምበስ ከተማ ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ድምፅ የሚሰጠው፣ አብሮት የሚኖር ዘመድ «አእምሮው ጤነኛ ነው» ብሎ ሲመሰክርለት ብቻ ነበር። የስመኝ እናት ወይዘሮ ሙላቷ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፤ ቢሆንም የዕድርተኛውን ሁሉ ስልክ ዛሬም በቃላቸው ይዘዋል። ጥፋታቸው አንድ ነው፤ ስመኝ አይኑን ማየት የማትፈልገውን ሰውዬ ለመምረጥ ቆርጠዋል። ወራት ሙሉ ተጨቃጨቁበት።

ስለዚህ ስልኳ «እናትዎ በራሳቸው አእምሮ መምረጥ ይችላሉ?» ብሎ ሲጠይቃት፣ ስመኝ «አይችሉም» አለች። የአንድ ቀን ነገር ነው፣ ያልፋል ብላ።

በማግስቱ ጠዋት ሙላቷ እንደ ልማዳቸው የሻይ ማሽኑን «ሁለት ስኳር» ብለው አዘዙት። ማሽኑ አልታዘዛቸውም። ከዚያ በር ላይ ጫማዋን የምታስረውን ስመኝን ጠርቶ፣ «ለእናትዎ ሻይ ስኳር ይጨመር?» አላት።

ምስክርነቱ ለካ ለምርጫ ብቻ አልነበረም።

ሙላቷ ልጃቸውን አዩአትና ገባቸው። ስመኝ ቁጣ ጠበቀች፤ እርግማንም ቢሆን ደስ ብሏት በተቀበለች።

«አንቺ እንዲህ ካልሽ መቼም ያየሽብኝ ነገር ቢኖር ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ለራስ አይታወቅም።»

«እማዬ፣ እኔ እኮ...»

«ግድ የለም ልጄ። ይልቅ ንገሪኝ።» ብርጭቆውን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። «ስኳር እወድ ነበር እንዴ?»