ያልተበላ ቅጠል

መድኃኒት ቀማሚዋ ቅጠሉን ቀንጥሳ አኘከችው። መምረር ነበረበት፤ ምላስ የሚያደነዝዝ ምሬት። የሣር ጣዕም ብቻ ነው ያለው። ከሌላ ዛፍ ቀነጠሰች። ያው ነው።

«መድኃኒቱ የለበትም ያለው ላብራቶሪ አልተሳሳተም ማለት ነው» አለች፣ ዞር ሳትል።

ከኋላዋ የቆሙት የቀድሞ አስተማሪዋ ዕድሜያቸውን ሙሉ ነፍሳት ሲያጠኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ተማሪዎቻቸው እሳቸው በሌሉበት «አባ ትል» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ያውቃሉ። አንዱን ቅርንጫፍ ዘንበል አድርገው ቅጠሎቹን አንድ በአንድ አገላበጡ።

«የተበላ የለም» አሉ።

እውነትም እርሻው ለዓይን ያሳሳል። ከጫካ የመጣው ዛፍ እዚህ በመስመር ተተክሎ፣ ውሃ ጠግቦ፣ ተባይ እንዳይነካው መድኃኒት እየተረጨለት፣ እንደ አንድያ ልጅ ተሞላቆ አድጓል።

«ዛፉ መራራውን የሚያወጣው ለእኛ ብሎ አይደለም፣ ልጄ። ትሉ ሲበላው ነው፣ ራሱን ሊያድን። የሚበላው ከሌለ ምን አስለፋው?»

«ታዲያ ትሉን እናምጣዋ፣ ጋሼ።»

«ከየት?»

በአገጫቸው ከአጥሩ ማዶ ያለውን ኮረብታ አመለከቷት። ለእርሻው ማስፋፊያ ሲባል ጫካው ተመንጥሯል። ከጫፉ እስከ ወንዙ ድረስ ጉቶ ብቻ ነው።

«እዚያ ብቻ ነበር የሚኖረው። ሌላ ቦታ ፈልጌ ፈልጌ አጥቻለሁ።»

ስልኳ ጮኸ። ታናሽ ወንድሟ ነው፣ ከሆስፒታል አልጋው ላይ። ከሞት አፋፍ የመለሰው ከዚያ ጫካ በተለቀመ ቅጠል የተቀመመው መድኃኒት ነበር፤ የመጨረሻው ጠብታ ትናንት አልቋል።

«እሜቴ፣ ደረስሽ?» ድምፁ ሳስቷል፤ ቀልዱ ግን አልተወውም። «ነርሷ ደም ሥሬ ጠፍቶባት ልታለቅስ ደርሳለች። ያልተወጋው አፍንጫዬ ብቻ ነው፣ እሱንም ሞክሪው አልኳት።»

ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። አስተማሪዋ ሰምተው እንዳልሰሙ ፈቀቅ አሉ።

«ነገ እመጣለሁ» አለችው።

«መድኃኒቱን ይዘሽ?»

በዛፎቹ መካከል የወፍ ድምፅ የለም፤ የንብም የለም። ነፋሱ እንኳ ቆሟል።

«እመጣለሁ፣ ወንድምዬ።»

 

«እሺ» አለ። «እንግዲያው ነገን አትጠብቂ።»