ኮማንደር በረኪና እና የቆሻሻ ልብስ ከረጢቱ

"ይሄን ለልጅሽ የነገርሻት አንቺ ነሽ..."

የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

ፊቱ የቆሙት የጽዳት ሠራተኛ የእናቱ እኩያ ናቸው። እሱ ግን "አንቺ" ነው የሚላቸው... ዓይኑን በጨው ታጥቦ።

ቤተሰብ... ይሄን ስጽፍ ደሜ ፈልቶ ነው። ታገሱኝና ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

እኚህ እናት አንዲት ልጅ አለቻቸው። ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ያጣች፣ ቀኑን ሙሉ ስልኳ ላይ ስትስል የምትውል። ጎረቤቱ "ሥዕል ደግሞ ሥራ ሆነ?" እያለ አንጀቷን ያሳርራታል።

እሷ ግን ዝም ብላ ተከታታይ ኮሚክ ጀመረች። ስለ አራት ሴት ሰላዮች... በየሳምንቱ ገጿ ላይ ትለቀዋለች።

ሰላዮቹ ሽጉጥ የላቸውም። የጽዳት ሠራተኛ መስለው የትም ይገባሉ። ባልዲ የያዘችን ሴት ማን ዞር ብሎ ያያል?

አለቃቸው ኮማንደር በረኪና ትባላለች። መነጽሯን በክር አስራ አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች... ልክ እንደ እናትየው። ሌሎቹ ፌስታል፣ ጓንት እና ዝምታ ናቸው። ዝምታ የተባለችው አፏ አያርፍም። አንድ ጊዜ ፌስታል አንዱን ጠብደል ዘበኛ በእርጥብ መወልወያ ስትዘርረው ሰው በሳቅ ፈረሰ።

የሆቴሉ ሠራተኞች በምሳ ሰዓት አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው ያነባሉ። እናትየውም "እኔ መቼ እንደዚህ ወፈርኩ?" እያሉ በልባቸው ይኮራሉ።

አሁን የሚያናድደው ይምጣ...

እዚያ ሆቴል አዲስ አንሶላና ፎጣ መጥፋት ከጀመረ ቆይቷል። ሥራ አስኪያጁ ወዲያው "ሌቦቹ ጽዳቶቹ ናቸው፣ ይፈተሹ" አለ። የሆቴሉ ባለቤት የሆነችው ሴትም ሳትጠይቅ ፈረመች።

ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ ከሥራ ሲወጡ በር ላይ ይሰለፋሉ። ቦርሳቸው ጠረጴዛ ላይ ይገለበጣል። የምሳ ዕቃው... የደም ግፊት ኪኒኑ... የውስጥ ልብስ ሳይቀር። እንግዳው እያየ፣ አላፊ አግዳሚው እያየ።

ቆሻሻውን አንሶላ ለእጥበት የሚወስደው መኪና ግን? ጥበቃው ሰላምታ ሰጥቶ ነው የሚያሳልፈው። የሸተተ ከረጢት ማን ይከፍታል?

እናትየው ይሄን ውርደት ለልጃቸው ትንፍሽ ብለው አያውቁም። አንገቷን ትደፋለች ብለው።

ወደ ቢሮው እንመለስ።

ሥራ አስኪያጁ የሆቴሉን ባለቤት የጠራት እናትየውን ለማባረር ነው። የድርጅቱን ምስጢር አውጥታለች፣ ልጇም እኔን ሌባ አድርጋ ስላኛለች ብሎ ከሰሰ።

ባለቤቷ ስልኩን አንስታ የዚያን ሳምንት ኮሚክ አየች። ኮሚኩ ላይ ያለው ሌባ ቀጭን ነው፤ ጸጉሩ ትከሻው ላይ ተኝቷል። ሥራ አስኪያጁ መላጣ ነው፤ ቦርጩም ከሱ ቀድሞ ነው በር የሚገባው።

"ምኑ ነው አንተን የሚመስለው?" አለችው።

ንዴቱ አሳወረው። ምላሱን መያዝ አቃተው።

"መልኩን ይተዉት... ከቆሻሻው ስር አዲስ አንሶላ እንደሚወጣ ለልጇ ማን ነገራት?"



ባለቤቷ ገጹን ወደ ላይ ወደ ታች አደረገች። ሌባው ከቆሻሻው ልብስ ስር ከረጢት ውስጥ ደብቆ የሚያወጣው የወርቅ ዘውድ ነው።

"እዚህ ያለው ዘውድ ነው... አንሶላ የት አየህ?"

ሰውየው ክው አለ። መላጣው ላይ ላብ ችፍ አለ።

እናትየው ራሳቸው ግራ ገብቷቸው ስለ ከረጢት ምንም እንደማያውቁ ተናገሩ። ባለቤቷም ልጅት ጋ አስደወለቻቸው፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጋ። ልጅት ሌባው ለምን በቆሻሻ ልብስ ከረጢት እንደተጠቀመ ተጠየቀች።

"ውይ እማዬ... መጀመሪያ ዘውዱን ይዞ በሄሊኮፕተር ነበር የሚያመልጠው። ሄሊኮፕተር መሳል አቃተኝ፣ ስስለው አንበጣ ይሆንብኛል። ከረጢት ግን ቀላል ነው፤ ክብ ሠርቶ አፉን ማሰር ብቻ ነው።"

በቃ። ማንም ምንም አልነገራትም። ሰውየው ራሱን በራሱ አጋለጠ።

መኪናው በር ላይ ተይዞ ከረጢቶቹ ተገለበጡ። ከላይ የሸተተው... ከስር ከነላስቲኩ ያልተፈታ አዲስ አንሶላና ፎጣ። የገለበጠው ያው የሴቶቹን ቦርሳ ሲገለብጥ የከረመው ጥበቃ ነው። ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።

ሰውየውን ፖሊስ ወሰደው። የኔ ንዴት ግን እዚህ አያበቃም።

ባለቤቷ እናትየውን ቢሮዋ አስገባች። በሩን ዘጋች። ከዚያ ድምጿን ቀንሳ "ይቅርታ አድርጊልኝ" አለች። ውርደቱ በአደባባይ... ይቅርታው በሹክሹክታ።

እናትየው መነጽራቸውን ጠረጉ።

"ይቅርታው በር ላይ ይሁንልኝ። ቦርሳዬ የተገለበጠው እዚያ ነው። ጓደኞቼም ይስሙ።"

የዚያን ቀን መውጫ ላይ ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ተሰለፉ። ባለቤቷ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመች። እንግዳው እያየ፣ አላፊ አግዳሚው እያየ...

"እናቶቼ፣ በድያችኋለሁ" አለች። ወደ እናትየው ዞራም "እርስዎም ይቅር ይበሉኝ" አለች። "አንቺ" ማለቷ እዚያው ቀረ።

የመፈተሻውን ጠረጴዛ ከበሩ ያነሳው ራሱ ጥበቃው ነው።

ወገኖቼ... እነዚያን ሴቶች የፈተሽናቸው ሌባ ስለሆኑ አይደለም፤ ድሃ ስለሆኑ ነው። ትልቁ ሌባ ሱፍ ለብሶ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። እና በሰው ፊት ያዋረድነውን ሰው በር ዘግተን ይቅርታ መጠየቅ ሌላ ንቀት ነው!

እናንተ በእኚህ እናት ቦታ ብትሆኑ በማግስቱ በዚያው በር ትገቡ ነበር... ወይስ ባልዲውን እዚያው ጥላችሁ ትሄዱ ነበር? እውነቱን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።