የገንዳው ውሃና የአኬሎ ክንድ

"እጅጌሽን ሰብስቢ!"

አኬሎ እጅጌዋን ወደ አንጓዋ ጎተተች...

"ሰብስቢ አልኩሽ እኮ!"

ሰበሰበችው። ከክርኗ እስከ አንጓዋ ቆዳዋ ቀልቶ ተላልጧል።

ወንዶሰን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

"ይሄን በሽታሽን ይዘሽ ነው እናቴ የምትታጠብበትን ውሃ የምትነካኪው?!"

ጊዜው ጋምቤላ ክልል ከሆነች ብዙም ያልቆየችበት ነው። በየቦታው ቢሮ ይሠራል፣ ኮንትራክተሩ ወንዶሰንም እጁ ረጥቧል።

የውጭ አገር መሐንዲሶች ካምፓቸውን ነቅለው ሲሄዱ የሙቅ ውሃ ገንዳቸውን ከነሞተሩ ገዝቶ ግቢው ውስጥ ተከለው።

በዚያ ሙቀት ሙቅ ውሃ! ከተማው ሳቀበት።

እሱ ግን ለእናቱ ነው የገዛው። እትዬ ወለተጊዮርጊስ ከወሎ ለሰፈራ ከመጡ ጀምሮ ቁርጥማት እግራቸውን ይዞ አልለቅ ብሏቸዋል። ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲቀመጡ ብቻ ነው እፎይ የሚሉት።

የገንዳውን ጠባይ የምታውቀው ደግሞ አኬሎ ናት፤ ካምፑ ውስጥም የያዘችው እሷ ነበረች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ውሃውን ታፈሳለች፣ ዝልግልጉን በብሩሽ ትፍቃለች፣ ማጣሪያውን ታጥባለች፣ አዲስ ውሃ ሞልታ የክሎሪን ዱቄት በማንኪያ ለክታ ትጨምራለች።

አንዳንዴ ግን "ዛሬ ገና ነው። ውሃው አልደረሰም" ትላለች።

ወንዶሰንን የሚያሳብደው ይሄ ነበር። "በገዛ ቤቴ ካንቺ ፈቃድ ልጠይቅ?!"

አንድ ቀንም "ያ ውሃ ውስጥ ተነክሮ የክሎሪኑን ልክ በቀለም የሚያሳየው ወረቀት አልቋል፣ ግዛ" ብትለው...

"ለውሃ ደግሞ ደብተር ልግዛልሽ?" ብሎ ስቆባት ሄደ።

አሁን ደግሞ ይሄ ቁስል!

"ከግቢዬ ውጪልኝ!"

አኬሎ የክሎሪኑን ማንኪያ ገንዳው ጠርዝ ላይ አስቀመጠች።

"እማማ ከመግባታቸው በፊት..."

"ውጪ ብያለሁ!"

ወጣች።

ቅዳሜ ወንዶሰን ራሱ ሱሪውን ሰብስቦ ገንዳውን አጠበ። ማንኪያውን "የእሷ በሽታ አለበት" ብሎ ወረወረው። ክሎሪኑንም በሽታውን ድራሹን እንዲያጠፋለት ብሎ አንድ ሙሉ ኩባያ ገለበጠበት።

አይ ሰው!

እትዬ ወለተጊዮርጊስ ገቡ... ብዙም ሳይቆዩ ጮኹ።

ከውሃው ሲያወጣቸው እግራቸው ቀልቶ ተላልጧል።

ወንዶሰን እግራቸው ላይ ጎንበስ አለ። ይሄን ቁስል ያውቀዋል። ባለፈው ሳምንት አይቶታል... አኬሎ ክንድ ላይ።

"አኬሎ የታለች?" አሉ እናቱ እያቃሰቱ።

"አባረርኳት እማዬ።"

"አንተ ልጅ! እኔ ከመግባቴ በፊት እኮ ክንዷን ነክራ ትቀመጥ ነበር። ካቃጠላት አታስገባኝም። ተይ ብላት 'ወረቀት አልቋል እማማ፣ አሁን ወረቀት እኔ ነኝ' አለችኝ።"

ወንዶሰን ባሮ ወንዝ ዳር እስካለው ቤቷ ድረስ ሄደ። ደጇ ላይ ዓሣ እያጸዳች ነበር። ተቀመጥ አላለችውም።

"ይቅር በይኝ አኬሎ... እማዬ ተቃጠለች።"

ቢላዋው ቆመ።

"ስንት ማንኪያ?"

"አንድ... ኩባያ።"

ቢላዋውን አስቀመጠች። ከዚያ እጇን ታጥባ ተነሳች።

"ለእማማ ነው የምመጣው። ለአንተ አይደለም።"

"እሺ... እሺ!"

"ውሃውን እኔ አዘጋጃለሁ። ግን ከዛሬ ጀምሮ ወረቀት አንተ ነህ።"

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ኮንትራክተሩ ክንዱን ገንዳው ውስጥ ነክሮ ሲቀመጥ፣ አኬሎ ቆማ ትጠብቀው ነበር።

ወገኖቼ... የሚያገለግለን ሰው ላይ ቁስል ስናይ ከመጸየፋችን በፊት ለማን ብሎ እንደቆሰለ እንጠይቅ። ብዙ ጊዜ መልሱ እኛው ቤት ነው ያለው!

እናንተ አኬሎን ብትሆኑ ትመለሱ ነበር? ወይስ "የእጅህን አገኘህ" ብላችሁ ዓሣችሁን ታጸዱ ነበር? እውነቱን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ...