ተነሺ

አዲሱ አውራ ጎዳና በወርቅ ቆፋሪዎቹ መንደር መሐል ለመሐል እንደሚያልፍ ከተሰማ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል በዓይኗ አልዞረም። ዛሬ መሐንዲሱ ቀበሌው ግቢ ሕዝቡን ሰብስቦ፣ በጀቱ መፈቀዱን አብስሮ የተነሺዎችን ስም ሲያነብ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ታዳምጥ ነበር። ቤቷ ከፈረሰ አለቀላት።

ዝርዝሩ አለቀ፤ የእሷ ስም የለም። እፎይ ልትል ስትል መሐንዲሱ ወረቀቱን ገለበጠ።

«የመቃብር ቦታውም መስመሩ ውስጥ ገብቷል። ከነገ ወዲያ አፅም ማውጣት እንጀምራለን። የመጀመሪያው ተነሺ ሟች ቢያድግልኝ ነው።»

ቢያድግልኝ ባሏ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ሰው ገድሎ ሲሸሽ የወርቅ ጉድጓድ ተደረመሰበት ተብሎ፣ ሣጥኑ እንኳ ሳይከፈት ነበር የተቀበረው።

የተገደለው ሰው ወንድም አዳሙ ከሕዝቡ መሐል ብድግ አለ። የወንድሙን ደም ሊመልስ ጠመንጃ አንግቶ ቢያድግልኝን ሲያድን የከረመ ሰው ነው፤ ከቀብሩ ወዲህ ግን መሣሪያውን ሰቅሏል። ወደ እሷ ዞረ።

«አይዞሽ እታለም! በደሉ አብሮት ተቀብሯል። አፅሙን በገዛ እጄ አወጣልሻለሁ» አላት።

ነጠላዋን አጣፍታ ከግቢው ወጣች።

እየተደናቀፈች ቤቷ ገብታ በሩን ቀረቀረች። ከጓዳው፣ ከዳጉሳው ጎተራ ጀርባ፣ የታፈነ ሳል ተሰማ።

«ምን አሉ?» አለ ቢያድግልኝ በሹክሹክታ። «ቤታችን ተረፈ?»