አሥራ አንደኛው ወር

ሴት ልጃቸው ከሆላንድ ለእናቷ በላከችው የአበባ ዘር ፖስታ ላይ «በ11ኛው ወር ያብባል» ብላ ጽፋበታለች። ሽማግሌው ሐምሌን ሙሉ ዝናብ እየመታቸው ጠበቁ፤ ቅጠል ብቻ። መስከረም የጎረቤቱ ግቢ ሁሉ ሲያብብ የእሳቸው ያው ቅጠል። አልጋ ላይ የዋሉት ባለቤታቸው ደግሞ በየማለዳው «ፈነዳ?» ይላሉ።

ሕዳር ሲታጠን፣ ሰፈሩ ቆሻሻውን ሲያቃጥል፣ ትዕግሥታቸው አለቀ። «ደግሞ ታሾፍብኛለህ!» ብለው ተክሉን ከነሥሩ ነቀሉና እሳት ውስጥ ወረወሩት።

ወዲያው ስልክ ጮኸ። ልጃቸው ናት።

«አባዬ፣ አበባው እንዴት ሆነ? ወሩ ሊያልቅ እኮ ነው!»

«የቱ ወር?»

«አሥራ አንደኛው ነዋ! ኖቬምበር!»

ሽማግሌው በዱላቸው እሳቱን በተኑት። ከተለበለበው ግንድ ጫፍ ላይ አንዲት ቢጫ እምቡጥ ገና መከፈት ጀምራ ነበር።

በመስኮቱ የባለቤታቸው ድምፅ መጣ።

«ዛሬስ ፈነዳ?»