ለእናቱ የተቀዳ ጠበል

ዳገት ባየች ቁጥር የምትሞቀው የአባቱ አሮጌ መኪና፣ ከገዳም ሲመለስ መንገድ መሃል እንደ ሽሮ ተንተከተከች። እስክትበርድ ጠብቆ ጎማ ቱቦዎቹን ዳበሰ፣ የማራገቢያውን ቺንጋ ሳበ፣ የራዲያተሩን ክዳን አገላብጦ አየ። የሚያፈስም የላላም የለም፤ ከዚህ በፊት ያዩዋት ሦስት መካኒኮችም ይህንኑ ብለው እጃቸውን ጠርገዋል። እናቱ ቤት ውስጥ በትኩሳት እየነደደች ትጠብቀዋለች። የራዲያተሩ ውሃ ተኖ አልቋል፤ ያለው ውሃ ደግሞ ሁለት ቀን ተሰልፎ የቀዳላት አንድ ጀሪካን ጠበል ብቻ ነው።

«እማዬ፣ ይቅር በይኝ» አለና ራዲያተሩ ውስጥ ገለበጠው።

ከተማ ሲገባ ጀሪካኑን ከቧንቧ ሞላ።

«ተባረክ ልጄ» አለችው ጠጥታ፣ «እስከ ሆዴ ድረስ በረደልኝ።»

በሳምንቱ መኪናዋ የእናቱን ሬሳ ጭና እስከዚያው ገዳም ወጣች። አንድም ዳገት ላይ አልሞቀችም።